አጌም፦ በጊሎ ወንዝ ዳር ሹምን የመሻር ጥንታዊ ሥርዓት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ቃል ከአባቶቻችን አፍ ሰምተን ያደግን የደጋ ሰዎች፣ ሹም ከላይ የተሾመ ነው፣ ከላይም ካልሆነ በቀር አይሻርም የሚለው አሳብ በልቡናችን እጅግ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ በዚህችው በአንዲቱ አገራችን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ባሮና ጊሎ ከተራራ ወርደው በሜዳው ላይ በሚዘረጉበት ምድር፣ ሕዝብ ሹሙን በገዛ ፈቃዱ ሲያቆምና በገዛ ፈቃዱ ሲሽር ለብዙ ትውልድ የኖረበት የታወቀ ሥርዓት እንደ ነበረ ሲነገረን በቶሎ አናምንም። የዚህ ሥርዓት ስም በአኙዋ ቋንቋ አጌም ይባላል። ስለ ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ዕጣ በምንነጋገርበት ጊዜ ሁሉ ነገሩን ከአውሮፓ ፓርላማ ታሪክ መጀመር ልማድ ሆኖብናልና፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ከጎግ ልጀምር እወዳለሁ።

ጎግ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ፣ አቦቦን ካለፉ በኋላ የሚገኝ፣ የጊሎ ወንዝ የሚያጠጣው፣ ታታ የሚባለው ሐይቅ ያለበት፣ ዋና ከተማውም ፑኝዶ የሆነ የአኙዋ ሕዝብ አገር ነው። ጊሎ ከምሥራቁ ደጋ ተነሥቶ ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ምዕራብ ይወርድና በመጨረሻ በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ከፒቦር ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ በክረምት ሜዳውን ሁሉ ያለብሰዋል፣ በበጋም ወደ ወሰኑ ሲመለስ ለበቆሎና ለማሽላ የሚመች ጥቁር ደለል በዳርቻው ትቶ ይሄዳል። የቆላ ዝንብ ከብትን ስለሚፈጅ የአኙዋ ሰው እንደ ጎረቤቱ እንደ ኑዌር በላምና በበሬ ብዛት አይመካም፤ ሀብቱ እርሻው፣ ዓሣው፣ አደኑና መንደሩ ነው። ይህን መንደር የሚለውን ቃል አንባቢ በቀላሉ እንዳያልፈው አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱም ውኃ በከበበው ከፍታ ላይ የተሠራች አንዲት የአኙዋ መንደር በክረምት ወራት እንደ ደሴት ከሌላው ዓለም ተለይታ የምትኖር፣ የራስዋ ድንበር፣ የራስዋ ከበሮ፣ የራስዋ ሹም፣ የራስዋም የፖለቲካ ታሪክ ያላት ሙሉ አገር ነበረች።

የመንደሪቱ ሹም ኳሮ ይባላል። ኳሮ ለመሆን አባቱ በዚያች መንደር ኳሮ ሆኖ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ታላቅ ልጅ ታናሽ ልጅ የሚል ሕግ አልነበረም፤ የሹም ልጅ የሆነ ሁሉ ሕዝቡ ከወደደው ሊቀመጥ ይችላል። ኳሮው በተቀመጠ ጊዜ የሚሰጠው ክብር ከመንደር ሹም ክብር በላይ ነበር። ወደ ግቢው የሚገባ ሰው ወገቡን አጉብጦ፣ አንዳንዴም በጉልበቱ እየሄደ ይቀርባል፤ በፊቱ ቀጥ ብሎ መቆም ነውር ነው፤ የግቢው አጥር በታደኑ አራዊት አጽመ ርእስ ያጌጠ፣ ከበሮውም በግቢው የሚቀመጥ፣ እርሻውንም የመንደሩ ጐልማሶች ወጥተው የሚያርሱለት ነበር። ይህን ያየ የውጭ እንግዳ፣ እነሆ ፍጹም ገዥ የሆነ ሹም አገኘሁ ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያ ሁሉ ስግደት ዋጋ ነበረው። ኳሮ የሚታረስለት እንዲሰጥ ነው፤ የሚሰገድለትም እንዲያበላ ነው። እህሉ በግብዣ ያልቃል፣ ፍየሉና በጉ ይታረዳል፣ ዶቃው ሚስት ለሚያገባ ድኻ ይሰጣል፣ ጦሩና ጌጡ ወዳጅነቱን ለሚፈልጋቸው ጐልማሶች ይከፋፈላል። በአኙዋ አገር ጋብቻ የሚፈጸመው ዲሙይ በሚባለው ከጥንት በወረደ ሰማያዊ ዶቃ ስለ ነበረ፣ ያ ዶቃም ቁጥሩ የማይጨምር ብርቅ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ዶቃ ያለው ኳሮ ለመንደሩ ወጣት ትዳር የሚሰጥ እንደ አባት ያለ ሰው ነበር፤ ዶቃው ያለቀበት ኳሮ ደግሞ ከዕለት ወደ ዕለት የሚሰግዱለትን ሰዎች ወገብ እየቀና ሲሄድ ያይ ነበር። ሀብቱ ማለቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መስጠት ግዴታው በመሆኑ ሀብቱ ማለቁ አይቀርም ነበርና። ስለዚህ የኳሮ ሥልጣን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ራሱን እየበላ የሚሄድ እንደ ሻማ ያለ ሥልጣን ነበር። ብስጭቱ አንዳንድ ጊዜ ከስስት፣ አንዳንድ ጊዜ ከአድልዎ፣ አንዳንድ ጊዜ ከክፉ አንደበት ይነሣል፤ በአንዱ ወገን ፊት አብዝቶ ያጐረሰ ኳሮ በሌላው ወገን ልብ ውስጥ አጌምን ይዘራል።

አጌም እንዲህ ይሆናል። በኳሮው ያዘኑት ሰዎች በቅድሚያ እርስ በርሳቸው ይመካከራሉ፤ ከዚያም በሌላ መንደር ወደሚኖር ሌላ የሹም ልጅ፣ ማለት ወደ ተቀመጠው ኳሮ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ፣ በስውር መልእክተኛ ይልካሉ፤ እርሱም ፈቃደኛ ከሆነ ቀን ይቆረጣል። ቀኑ በደረሰ ጊዜ መንደሪቱ በሁለት ትከፈላለች። የኳሮው ወገን ከበረታ አመፀኞቹ ተገፍተው ይወጣሉ፣ እጩአቸውም ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የአመፁ ወገን ከበረታ ግን ኳሮው ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ መንደሪቱን ይለቃል። አንዳንድ ጊዜ ጦር ይመዘዛል፣ ሰውም ይሞታል፤ ይህን መሸሸግ ለሥርዓቱ ያልነበረውን ቅድስና መስጠት ይሆናልና አልሸሽገውም። ብዙ ጊዜ ግን ኳሮው ወዲያና ወዲህ ተመልክቶ ከእርሱ ጋር የቆሙትን ሰዎች በመቍጠር ብቻ ነገሩ ያበቃል፤ ጥቂት እንደ ሆኑ ባየ ጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል። ከበሮው ግን አብሮት አይሄድም። ከበሮው የመንደሪቱ ነውና በስፍራው ይቀራል፤ በማግስቱ ለአዲሱ ኳሮ ይመታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የተሻረው ሹም የሚሄድበት ስፍራ ነው። የሚሄደው ወደ እናቱ ወገኖች መንደር ነው። የኳሮ ሚስቶች ከልዩ ልዩ መንደር የሚመጡ ስለ ሆኑ፣ ልጆቻቸውም ብዙውን ጊዜ በእናታቸው ወንድሞች ዘንድ ስለሚያድጉ፣ እያንዳንዱ የሹም ልጅ ከአባቱ መንደር ውጭ የሚጠለልበት፣ ማንም ሊነካው የማይችልበት፣ አጎቶቹ እንደ ገዛ ልጃቸው የሚጠብቁት ሌላ አገር ነበረው። ሥልጣንን ከአባት የተቀበለ ሰው ሕይወቱን ከእናት ተቀብሎ ይኖራል ማለት ነው። በዚያም የተሻረ ኳሮ ሆኖ ይቀመጣል፤ ክብሩ ከነስሙ አይጠፋም፤ በመንደሩ የቀሩት ወዳጆቹም አዲሱ ኳሮ እስኪሰስት ወይም እስኪያዳላ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ ያ ቀን ሲደርስ መልእክተኛ ይሄዳል፣ አሮጌው ኳሮም ተመልሶ በከበሮው አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ሰው ተሹሞ፣ ተሽሮ፣ እንደ ገና ተሹሞ ዕድሜውን ሲፈጽም ማየት በጊሎ ዳር እንግዳ ነገር አልነበረም።

አሁን ይህን ከደጋው መንግሥታችን ሥርዓት ጋር አነጻጽሩት። የኢትዮጵያ ነገሥታት አንድ አልጋ ለብዙ ልጆች የማይበቃ መሆኑን እንደ አኙዋ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ያገኙለት መፍትሔ ግን አምባ ግሸን ነበር። የንጉሡ ወንድሞችና የወንድሞቹ ልጆች በወሎ ምድር በዚያ ገደላማ አምባ ላይ ወጥተው፣ መዝሙረ ዳዊት እየደገሙና ቅኔ እየተቀኙ፣ በጠባቂ ተከበው ዕድሜያቸውን ይፈጽሙ ነበር፤ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አምባውን ካጠፋው በኋላ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ያንኑ ሥራ ተረከበ። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ብለን የምንጠራው በዚያ አምባ ስም እንደ ሆነ ብዙ ሰው ይናገራል። ከአምባው ወርዶ በአልጋ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ጥቂት አልነበረም፤ ነገር ግን የተቀመጠው ንጉሥ በሕይወት ሳለ ያ ሰው ስሙ እንኳ እንዳይነሣ ተብሎ ነው የተጠበቀው። ደጋው ተቀናቃኝን ወደ አምባ አወጣው፤ ቆላው ተቀናቃኝን ለአጎቶቹ አደራ ሰጠው። በደጋው የሥልጣን ጽናት የተፈለገው ሌላ ሰው እንዳይታይ በማድረግ ሲሆን፣ በጊሎ ዳር ግን ሌላ ሰው ሁልጊዜ በቅርብ እንዲኖር በማድረግ ሹሙ እንዲጠነቀቅ ተደረገ። የደጋው ሥርዓት ሰፊ መንግሥትን ለብዙ መቶ ዓመታት አቁሞ እንዳቆየ አልክድም፤ የቆላው ሥርዓት ከአንዲት መንደር ድንበር አልፎ አያውቅምና የሁለቱ ሸክም እኩል አይደለም። ይሁን እንጂ ተቃዋሚ የሚለውን ሰው ጠላት ከሚለው ሰው ለይቶ ማስቀመጫ ስፍራ ያበጀው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው።

በአኮቦ ወንዝ በኩል ያሉት አኙዋዎች ከኳሮ የሚበልጥ ሌላ ማዕረግ ነበራቸው፤ እርሱም ኒያ ይባላል፤ በአማርኛ ንጉሥ ወይም መስፍን ልንለው እንችላለን። ትውፊታቸው እንደሚለው ጥንት ኦቹዶ የሚባል ሰው በአንገቱ ዶቃ አጥልቆ ከወንዝ ወጣ፤ በዓሣ ምክንያት በተጣሉ ሰዎች መካከል ሌላው ያልቻለውን ፍርድ በጥበብ ፈረደ፤ ወደ መንደርም ተወስዶ የሹሙ ልጅ ከእርሱ ፀነሰች፤ እርሱ ወደ ወንዙ ሲመለስ ዶቃው ለሚወለደው ልጅ ቀረ፤ የልጁም ስም ጊሎ ተባለ። የንግሥናቸው መሠረት ጦር ሳይሆን ፍርድ መሆኑን ልብ ይሏል። ያ ዶቃ፣ ኡቹዎክ የሚባለው፣ ለኒያዎች ዘውድ ነበረ፤ አባቱ ዶቃውን አንድ ጊዜ እንኳ ያላጠለቀ ሰው መስፍንነቱ ከትውልዱ ይጠፋ ስለ ነበር፣ መሳፍንቱ ሁሉ ይህን ምልክተ ንግሥ ለማግኘት እርስ በርሳቸው ይጋደሉ ነበር፤ ከዶቃው ባለቤት ጋር የተወዳጁትም ለአንዲት አፍታ በአንገታቸው እንዲያጠልቅላቸው እየለመኑ የልጆቻቸውን ማዕረግ ያድኑ ነበር። ዶቃው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው የመሳፍንቱን እኩልነት ያቆየው።

ይህን ሚዛን የሰበረው ጠመንጃ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የዝሆን ጥርስ ከቆላ ወደ ደጋው ከተማ ወደ ጎሬ ሲወጣ፣ ጠመንጃ ከጎሬ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች በባሮ ዳር፣ ወንዙን ተከትሎ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማያልፍ የንግድ ስፍራ፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ እንዲይዙ ፈቀዱላቸው፤ ይኸው ስፍራ ጋምቤላ ሆነ፤ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብም በክረምት ውኃ እስከዚያ እየደረሰ የደጋውን ቡና ይጭን ጀመር። በዚያው ውል የተሰመረው ድንበር የአኙዋን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው። ይህ ለእንግሊዞች የካርታ ጉዳይ ሲሆን፣ ለተሻረ ኳሮ ግን የእናቱ መንደር በማግስቱ የውጭ አገር ሆነ ማለት ነበር።

ጠመንጃውን በብዛት ከሰበሰቡት መሳፍንት መካከል ስሙ የገነነው አኳይ ዎ ቻም፣ ማለት የቻም ልጅ አኳይ፣ ነው። እርሱን ለማስገበርና ጠመንጃውን ለማስፈታት የተላከውን የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 6 ቀን 1904 ዓ.ም. በኦዶንጋ ገጠመው፤ ሁለት የእንግሊዝ መኰንኖችና ከ40 የሚበልጡ ወታደሮችም ወደቁበት። ከዓድዋ 16 ዓመት በኋላ በዚያው በኢትዮጵያ ዳርቻ የሆነውን ይህን ገድል ከአገሩ ሰዎች በቀር የሚያነሣው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ በኩል የሶርያ ተወላጅ የሆነው መጅድ አቡድ የድንበሩ ሹም ሆኖ በአኙዋ ላይ ዘመተ፤ በሱዳን በኩል ደግሞ እንግሊዞች ዶቃው በጦር ሳይሆን በተራ እንዲዞር ደንብ አወጡለት። የመሳፍንቱን ደም ማዳኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዶቃውን ማን ያጥልቅ የሚለውን ነገር የሚወስነው ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ አልነበረም።

የአጌምን ነገር ለዓለም ያስታወቀው እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። በ1927 ዓ.ም. አገሩን ዞሮ አየ፣ ያየውንም በኋላ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ያንጊዜ የጻፋቸው የኳሮዎች ዝርዝሮች ስንት ሹም ስንት ጊዜ ከመንደሩ እንደ ወጣና እንደ ተመለሰ ያሳያሉ። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ይኸው ሰው የጦር መኰንን ሆኖ ተመልሶ፣ ጥቂት የአኙዋ ጠመንጃ ያዦችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ዳር ጣሊያኖችን ተዋጋ። ከእነርሱም ጋር ሲዘምት የተማረው ነገር ቢኖር፣ የአኙዋ ሰው ከአዛዡ ትእዛዝ ይልቅ ምክር እንደሚሰማ፣ መሪም ቀድሞ ካልሄደና ካላሳመነ በቀር እንደማይከተሉት ነበር። አጌምን በወረቀት የጻፈ ሰው፣ በኋላ በገዛ ራሱ ላይ እንደ ኳሮ ሲመዘን ያ መጽሐፍ እውነት መሆኑን አየ ማለት ነው።

ሱዳን ነጻ በወጣች ጊዜ የውሉ ዘመን አበቃና ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ደግሞ ደርግ የባላባትን ማዕረግ ሁሉ ሲሽር፣ የሰሜኑን ባለ ርስት ጌታና የጊሎን ኳሮ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ሻረ። በዚህ ነገር የተሠራው ስሕተት እስካሁን በቅጡ የታሰበበት አይመስለኝም፤ ገባር የሚያስገብረውን ጌታ መሻር አንድ ነገር ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ሊሽረው የሚችለውን ሹም ከላይ በአዋጅ መሻር ግን ሌላ ነገር ነው። በኳሮው ፈንታ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ተቀመጠ፤ እርሱን የሚያነሣው የበላይ አካል እንጂ በሌሊት የሚመካከር መንደር አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ ሰፋሪዎች በአቦቦና በጎግ ተቀመጡ፤ ቀጥሎም በፑኝዶ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ስደተኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት፣ ሰፈሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ እነዚያ ሕፃናት በሞላው የጊሎ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸሹ ስንቱ በውኃ እንደ ቀረ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ደርግን በምዕራብ በኩል ከተዋጉት መካከል የጋምቤላ ሕዝብ ነጻነት ንቅናቄ ነበረ፤ በ1983 ዓ.ም. ክልሉን ከያዙት አንዱ ሆኖ የመጀመሪያውን የክልል አስተዳደር አቋቋመ። እንግዲህ የአኙዋ ልጆች በብዙ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንደር በላይ በሆነ ሥልጣን ላይ ተቀመጡ። ነገር ግን ያ ሥልጣን የአጌም ሥልጣን አልነበረም፤ ንቅናቄው ፓርቲ ሆነ፣ ፓርቲውም በ1990 ዓ.ም. ከኑዌሮች ፓርቲ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ተለወጠ፤ ፕሬዚዳንቶቹም ሲሾሙና ሲነሡ የሚመለከቱት ወደ ጊሎ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307,096 ሰው በተገኘበት ክልል ውስጥ ሥልጣን ማለት የብሔር ቁጥር ማለት ሆነ፤ አኙዋና ኑዌርም በወንዝና በመሬት ብቻ ሳይሆን በምክር ቤት ወንበር የሚፋለሙ ሆኑ።

ከእነዚያ ፕሬዚዳንቶች አንዱ አቶ ኦኬሎ አኳይ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ውጭ በመኪና የሚጓዙ ስምንት ሰዎች በደፈጣ ተገደሉ፤ ሬሳቸው ወደ ከተማው በገባ ጊዜ በቁጣ የተነሣው ሕዝብ፣ ወታደሮችም ተጨምረውበት፣ የአኙዋን ወንዶች በየቤታቸውና በየመንገዱ ገደሉ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ፤ የአኙዋ ሰዎች ያሰባሰቡት የስም ዝርዝር ግን እስከ 424 ይደርሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ የዚያን ቀን ሐዘን ይናገራል፤ ከዚህ በላይ በዝርዝር ልጽፈው ብዕሬ አይታዘዝልኝም። አቶ ኦኬሎ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው አገር ጥለው ወጡ፤ በግድያው የመንግሥት ወታደሮች እጅ እንዳለበት በውጭ ሆነው በአደባባይ መሰከሩ፤ ኖርዌይ ተቀበለቻቸው፣ ዜግነትም ሰጠቻቸው። ሹም የነበረ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ተቃዋሚ ሆነ።

በአጌም ዘመን ቢሆን ኖሮ ወደ እናታቸው መንደር ይሄዱ ነበር፤ የአንድ ወይም የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። ወዳጆቻቸው በጨረቃ ብርሃን እየሄዱ ሊያማክሩአቸው፣ ጠላቶቻቸውም በሩቅ እያዩ ሊጠነቀቁ ይችሉ ነበር። አሁን ግን የአጎት አገር በሰሜን አውሮፓ በረዶ ውስጥ ሆነ። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ በሄዱ ጊዜ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ድንበር ሳይሉ ሲመላለሱበት በኖሩት በዚያ ምድር ተይዘው ለኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፈው ተሰጡ። በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰሱ፤ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የተሻረ ሰው በእናቱ ወገኖች ጥላ ሥር ሳለ አይነካም የሚለው የጥንት ሕግ በየትኛውም አገር የሕግ መጽሐፍ አልተጻፈምና የሚጠቅሰው ጠበቃ አልነበረም።

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን በሂማላያ ተራሮች መካከል ያለችውን ትንሽዋን የቡታን መንግሥት ማየት ይበቃል። ሮንግቶንግ ኩንሌይ ዶርጂ የሚባሉት ሰው በአገራቸው ታስረው ከተፈቱ በኋላ ተሰደዱ፤ በ1986 ዓ.ም. በኔፓል ሆነው የተቃዋሚ ፓርቲ መሠረቱ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የቡታን መንግሥት ተላልፈው ይሰጡን ብሎ ስለ ጠየቀ በሕንድ ዋና ከተማ ተያዙ። ሕንድ ግን አልሰጠቻቸውም፤ ክሱ ለብዙ ዓመት ተጐተተ፣ እርሳቸውም በ2004 ዓ.ም. በዚያው በስደት አረፉ። በዚህ መካከል በቡታን የምርጫ ሥርዓት ቆመ፤ በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ከ47ቱ ወንበሮች አንዱ ፓርቲ 45ቱን ወሰደ፤ ለሌላው 2 ብቻ ቀሩለት። ያ ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉት ፓርቲ ግን በሕግ ተቃዋሚ ተብሎ ታወቀ፤ መሪው ጼሪንግ ቶብጌም በምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው አምስት ዓመት ተከራከሩ፤ በ2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ወረዱ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ገና ተመለሱ። መውጣት፣ መውረድ፣ ተመልሶ መውጣት፤ የጊሎ ዳር ሽማግሌ ይህን ቢነግሩት ምንም እንግዳ ነገር አይሆንበትም ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ አንዱ ተቃዋሚ በባዕድ ምድር ሲያርፍ ሌላው በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ተራውን የጠበቀው፣ በሁለቱ መካከል በነበሩት ጥቂት ዓመታት ለተቃዋሚ መቀመጫ ስፍራ ስለ ተሠራለት ነው።

ኳሮዎች ዛሬም በአንዳንድ መንደር አሉ፤ ሽማግሌዎች ያከብሯቸዋል፣ ነገርም ያስታርቃሉ። ግብር የሚሰበስብ፣ መሬት የሚመራ፣ ጠመንጃ የሚያስታጥቅ ሥልጣን ግን በእጃቸው የለም፤ ሊሻር የሚገባው ነገር በእጁ የሌለ ሹም ላይ ደግሞ አጌም የሚያነሣ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሥርዓቱ ማንም ሳይከለክለው፣ የሚሠራበትን ነገር ተነጥቆ፣ በጸጥታ ከአገልግሎት ወጣ።

በ2010 ዓ.ም. ብዙ የፖለቲካ እስረኞች በተፈቱ ጊዜ አቶ ኦኬሎ አኳይም ከእስር ቤት ወጡ። ሹም ሆነው ይቀመጡባት ከነበረችው ከጋምቤላ ከወጡ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የተወለደ የአኙዋ ልጅ ዓሣ ለማጥመድ ብቻውን ወደ ጊሎ የሚወርድበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።